የሻምበል ጉርሜሳ ትንፋሽ

ኖላዊት ደጀኔ ሥራ ስትገባ በር ላይ መጀመሪያ የምትጠየቀው አልቅሳ እንደሆነ ነበር። ጠያቂዎቹ ትሑቶች ናቸው። አልቅሳ ከሆነ ያን ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ከሰው ተጣልታ ከሆነ፣ ቀብር ውላ ከሆነ፣ ወይም ከሩቅ የመጣ ዘመድ ተቀብላ ከሆነም እንደዚያው። ቡና በሥራ ቀን ክልክል ነው። ሰውነቷን የሚከታተለው የእጇ አምባር ይህን ሁሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ እነሱ ግን ከአፏም መስማት ይፈልጋሉ። መልሷን ሰጥታ ስትጨርስ ጫማዋን ታወልቃለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ትሰበስባለች፣ ከዚያም ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች።

መታወቂያዋ ላይ «የፊልም ማጀቢያ ሙዚቃ ደራሲ» የሚል ተጽፏል። በወጣትነቷ ይህ ማለት ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጻፍ፣ ተጫዋቾችን ሰብስቦ ማለማመድ፣ ከዳይሬክተር ጋር መጨቃጨቅ ነበር። ያኔ የሠራቻቸውን ዜማዎች ሰዎች ከሲኒማ ቤት ሲወጡ እያፏጩ ይሄዱ ነበር። አሁን የሚያፏጭ የለም። ሲኒማ የሚገባ ሰው ሁሉ የሚሰማው መሣሪያ ለሰውነቱ የሚያቀናብርለትን የራሱን ሙዚቃ ነው። ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ፊልም ያያሉ፤ ጀግናው ሲሞት ባልየው ከበሮ ይሰማል፣ ሚስትየዋ በገና። ሲወጡ ስለ ታሪኩ ይጫወታሉ፣ ስለ ሙዚቃው ግን ምንም አይባባሉም። አንድን የፊልም ዜማ ሁለት ሰው አብሮ ሊያውቀው ይችላል ቢባሉ ልጆቻቸው አያምኑም።

ቢሆንም ሙዚቃው ሰው ያስፈልገው ነበር። የትኛው ድምፅ አንጀት እንደሚበላ የሚመሰክር ሥጋና ደም ካልተገኘ የሚወጣው ሁሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። ደራሲዎቹ ያልተሰናበቱት ለዚህ ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። የክንዳቸው ጸጉር የቆመበት፣ ጉሮሯቸው የተያዘበት ድምፅ ወደ ፊልሞቹ ይሄዳል፤ ሰውነታቸው ዝም ያለው ይጣላል። የሄደውም ቢሆን የሚቆየው የዚያ ሰው ሰውነት እስካልካደው ድረስ ነው። ስለዚህ የትናንቱን ዛሬ መልሰው ያሰሙታል፣ የዛሬውን ነገ።

እያንዳንዱ ደራሲ የተመደበው በሚወደው መሣሪያ ነበር፤ ሰው በሚወደው ነገር ላይ ሰውነቱ አይዋሽም ተብሎ። ኖላዊት የክላርኔት ነበረች። ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል የሚቀመጠው ባሮክ ጥላዬ የቼሎ ነበር። ባሮክ ዝምተኛ፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው፤ በድሮው ዘመን ማጀቢያ ሲጽፍ ዜማውን ሁሉ ለቼሎ ይሰጥና ቫዮሊኖቹን ያስኮርፍ ነበር ይባላል። በምሳ ሰዓት አብረው ሽሮ ይበላሉ። አንድ ቀን ምሳው ላይ እጁን ከሳህኑ መልሶ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሲሰማ የዋለው ነገር እንጨት ላይ የሚጎተት ክር ሆኖ ቀረብኝ አላት። ድካም ነው ብላ አጽናናችው። በሚቀጥለው ወር ባሮክ በር ላይ አልታየም።

የሚሠሩበት የሙዚቃ ቤት በደብዳቤው «ዕረፍት ወጥተዋል» ይላል። ደራሲዎቹ በመካከላቸው የሚሉት ሌላ ነው፤ ስለ ላም እንደሚባለው፣ «ነጠፈ» ይላሉ። ባሮክ ከነጠፈ በኋላ ቼሎው ከፊልሞቹ ቀስ በቀስ ጠፋ። ማንም አልጠየቀም።

ኖላዊት ፈራች። ከአንድ ዓመት ወዲህ ክላርኔቱ ወደ እሷ ሲመጣ ክንዷ ላይ የሚነሣው ነገር እየሳሳ ነበር፤ የወንበሮቹ ኃላፊ ሄራንም ይህን በለሰለሰ ድምፅ ነግራታለች። ሄራን ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ሰውን ሁሉ «እርስዎ» የምትል፣ ክፉ ቃል ከአፏ የማይወጣ ወጣት ናት። እንደ መከረቻት ኖላዊት ፀሐይ ሞቀች፣ ቀድማ ተኛች፣ አትክልት በላች። ምንም አልተለወጠም።

ወንበሩ የሚያሰማት ክላርኔት ከየት እንደመጣ ታውቃለች። የሻምበል ጉርሜሳ ዋቅጅራ ነው። ሻምበል ጉርሜሳ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ያደጉ፣ ከዚያም በከተማው ስቱዲዮዎች ሁሉ የተፈለጉ ተጫዋች ነበሩ። የኖላዊትን የመጀመሪያ ፊልም የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት ቤቱ አዳራሽ ተከራይቶ እያንዳንዱን ድምፃቸውን ከታች እስከ ላይ ቀዳ። ሲያጸዱት ትንፋሻቸውን አወጡት፣ የቁልፎቹን ኳኳታ አወጡት፣ ድምፅ ከመምጣቱ በፊት ከንፈር የሚያደርገውን ያን ትንሽ ማመንታት አወጡት። የቀረው እንከን የለውም። ሰውም የለበትም።

ምናልባት እውነተኛውን ብሰማ ይመለስልኛል ብላ አሰበችና አንድ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ወረደች።

ሻምበል ጉርሜሳ ከባቦጋያ ሐይቅ አጠገብ፣ ፓፓያ በበዛበት ግቢ ውስጥ ከልጃቸው ከሌንሴ ጋር ይኖራሉ። ሌንሴ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ከተመለሰች ቆይታለች፤ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም፣ የልቧን የምትናገር ሴት። እሳቸው ሰማንያን አልፈዋል። ቁመታቸው አልጎበጠም፤ ሳንባቸው ግን ደክሟል፤ ከበሩ እስከ አጥሩ ሲሄዱ አንዴ ያርፋሉ። ኖላዊትን ሲያዩ ተነሥተው ግንባሯን ሳሙ፤ ያኔ የምትጽፊው ዜማ ትንፋሽ መውሰጃ አልነበረውም፣ ልትገድይኝ ነበር ብለው ቀለዱ። ክላርኔቱን አሁንም በየጠዋቱ እየፈቱ ያጸዱታል። ይጫወቱ እንደሆነ ስትጠይቃቸው ግን ወሬ ለወጡ።

ቆይታ እንደገና ለመነቻቸው። ለምን እንደምትፈልገው አልሸሸገችም፤ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው አለቻቸው። ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። ከዚያ ሌንሴን ከጎረቤት ዓሣ እንድታመጣ ላኳት፤ ዓሣ ያማራቸው አይመስልም ነበር። ሌንሴ ስትወጣ በሩን ዘጉ፣ ከመቃ የተላገችውን የክላርኔቱን ቀጭን ምላስ በምራቃቸው አረጠቡ፣ ከመጀመሪያ ፊልሟ ያለውን ዜማ ጀመሩ።

ጣቶቻቸው ሰነፎች ሆነዋል። የታችኛው ድምፅ ግን ያው ነበር፤ ጨለማና ሞቃት። ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ሲደርሱ ትንፋሻቸው አለቀ። ድምፁ ተቆረጠ። ከደረታቸው ውስጥ አንድ የተቀደደ አየር ወጣ፣ የሚያቃስት ዓይነት፤ ኖላዊት አበቃ ብላ ልትነሣ ስትል የሚፈለገው ድምፅ መጣ፤ ዘግይቶ፣ ቀጥኖ፣ ተሰንጥቆ፣ ግን መጣ።

ከእግር ጥፍሯ እስከ ራስ ጸጉሯ ነዘራት። እንደዚያ የሆነችው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አታውቅም። እንባዋ ሲወርድ ሻምበል ጉርሜሳ ያዘነችላቸው መሰላቸው፤ ክላርኔቱን ጉልበታቸው ላይ አስተኙ።

«ይህን የሰማሽው አንቺ ብቻ ነሽ» አሏት። «ሌንሴም አልሰማችም። እንደዚህ ሆኜ ማንም እንዲሰማኝ አልፈልግም።»

«ማንም አይሰማም ጋሼ» አለች።

ስትናገር ከልቧ ነበር። አምባሩ ከእጅጌዋ ሥር ነበር፤ ለዓመታት አውልቃው ስለማታውቅ እንደ ቆዳዋ ረስታዋለች።

ሰኞ ጠዋት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከተለመዱት ድምፆች መካከል አንዱ ሲጀምር ጆሮዋን አቀናች። ክላርኔቱ ወደ ላይ ወጣ፣ ተቆረጠ፣ የተቀደደ አየር ተከተለ፣ ከዚያ ያ ቀጭን ድምፅ ዘግይቶ መጣ። ቀረጻ አልነበረም። ዜማው ሌላ ነው፤ ክፍሉም የቢሾፍቱው ክፍል አይደለም። ትንፋሹ ግን የእሳቸው ነበር። ልትነሣ ፈለገች፤ ሰውነቷ ግን ቀድሟት እሺ ብሎ ነበር። ክንዷን ስታይ ጸጉሯ ሁሉ ቆሟል።

ያ ትንፋሽ በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ፊልም ውስጥ ገባ። ያን ሰሞን ሰዎች የሚያዩት፣ ጎርፍ በወሰደው ከተማ ልጇን የምትፈልግ እናት ታሪክ ነበር። እናትየዋ የልጇን ጫማ ስታገኝ፣ ከተመልካቹ የግማሽ ያህሉ ሰውነት ያን ትንፋሽ ይፈልግ ነበርና ያን ትንፋሽ ሰማ። ሰዎች ከሲኒማ ቤት ደረታቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። የሰሙት የተለያየ ስለመሰላቸው ማንም ለማንም አልተናገረም።

ኖላዊት ሄራን ዘንድ ገባች። ይህ የሰው ትንፋሽ ነው፣ ለማንም እንዳይሰማ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፣ አውጡት አለቻት። ሄራን ወንበር ስባ አስቀመጠቻትና ውሃ ቀዳችላት።

«እኛ እኮ ቤታቸው አልገባንም» አለች። «ድምፃቸውንም አልቀዳንም። የወሰድነው እርስዎ በዚያ ሰዓት የሆኑትን ነው። ወንበሩ ያን መልሶ የሚያመጣ ነገር እስኪያገኝ ፈለገ፤ አገኘ። መደንገጡ የእርስዎ ነው። የእርስዎ የሆነው ደግሞ የቤቱ ነው።»

ኖላዊት ሥራዬን እለቃለሁ አለች። ሄራን በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ደራሲ የመጨረሻ ምስክርነቱ ጸንቶ እንደሚቆይ አስረዳቻት፤ እንዲያውም ያኔ የሚያሻሽለው አይኖርም። አንድን ድምፅ የሚያስወጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያመጣው ሰው ሰውነት ሲክደው። ይህን የነገረቻት ልታስፈራራት አልነበረም፤ ደንቡን ብቻ ነበር የነገረቻት። ከዚያ እጇን ይዛ፣ በዚህ ቤት እንደዚህ ያለ ነገር ያመጣ ደራሲ ካየን ብዙ ጊዜ ሆኖናል ብላ አመሰገነቻት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሌንሴ ደወለች። አባቷን ለልደታቸው ሲኒማ ወስዳቸው ነበር። በፊልሙ መካከል እጇን ጨብጠው «እንሂድ» አሏት። ሕመም መስሏት አጣድፋ አወጣቻቸው። ውጭ ሲወጡ ያ እኔ ነኝ አሉ። እሷ የሰማችው ማሲንቆ ብቻ ስለነበር ምን እንደሚሉ አልገባትም። አሁን ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም፣ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር መቀመጥም ትተዋል። ክላርኔቱ ከሣጥኑ አልወጣም። አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ንገሪኝ አለቻት ሌንሴ።

ኖላዊት በስልክ አልነገረቻትም። ቢሾፍቱ ወርዳ ሁሉንም ለሁለቱም ነገረች፤ አምባሩንም እጅጌዋን ሰብስባ አሳየች። ሌንሴ ብድግ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ሻምበል ጉርሜሳ የኖላዊትን ፊት ሳያዩ ሲሰሙ ቆዩ።

«ባንድ ውስጥ እያለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ «የክላርኔቴ ምላስ የተሰነጠቀች ቀን፣ ‹አሞኛል› ብዬ እታሰር ነበር እንጂ ተሰልፌ አልወጣም ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው የሰማው የወደድኩትን ብቻ ነው። አሁን ከጎረቤት ጋር ስገናኝ ይህ ሰውዬ ሰምቶኛል ወይስ አልሰማኝም እያልኩ ነው። ብጠይቀው አያውቀውም። ካልጠየቅሁት እኔ አላውቅም።»

ይቅርታ ስትጠይቃቸው ይቅርታ አደረጉላት። ግን ስትወጣ አልሸኟትም፤ እንደ እሳቸው ላለ ሰው ይህ ከስድብ ይበልጣል።

በመመለሻዋ ላይ ባሮክን አሰበች። ከነጠፈ ወዲህ ቀበና ወንዝ ዳር ችግኝ እያፈላ እንደሚሸጥ ሰምታለች። በማግስቱ እሑድ ነበርና ሄደች። በላስቲክ የተሞላ አፈር መካከል ተንበርክኮ አገኘችው፤ ወፍሯል፣ ፊቱም ወዝ አለው። ሳቀና አቀፋት። ጽድና ኮሶ እያሳየ ግቢውን አዞራት። ከዚያ የመጣችበትን ነገረችው፤ እንዴት እንደነጠፈ ልታውቅ ነው።

ባሮክ እጁን በሱሪው ጠረገና ተቀመጠ። መጀመሪያ ሕመም እንዳልነበረው ነገራት። ጆሮው ያው ነው፤ ቼሎ ሲሰማ ቼሎ እንደሆነ ያውቃል፣ ጥሩ ተጫዋችና መጥፎ ተጫዋች ይለያል። አንድ ጊዜ የድሮ ጓደኛው ሊያስደስተው መጥቶ ፊቱ ተቀምጦ ተጫወተለት፤ እሱም ሰውዬው ቶሎ እንዲጨርስና ችግኞቹን እንዲያጠጣ ሲመኝ ራሱን አገኘው።

«ሆን ብዬ ብፈልገው ይሆናል?» ብላ ጠየቀችው።

«አይመለስም ኖላ» አላት። «እኔ ሳላውቅ ነው የሄደብኝ። አንቺ እያወቅሽ ልታወጪው ነው?»

ለመሄድ ተነሣች። እሱም ሐሳቧን ሊያስለውጣት አልታገለም። ሲሸኛት በሩ ላይ ቆሞ፣ ከድምፁ ብትሸሺ አይሆንልሽም አላት፤ የሸሹት ነገር ይናፍቃል። «ማርም ሲበዛ ይመራል። እስኪመርሽ ብዪው።»

ሰኞ ኖላዊት ሄራንን፣ ጠዋቶቼን ሁሉ ለዚያ ትንፋሽ ብቻ መድቢልኝ አለቻት። ሄራን በደስታ ፈቀደች።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነገሩ ተቃራኒ ሆነ። ትንፋሹ በመጣ ቁጥር የተዘጋው ክፍልና የሽማግሌው ጉልበት ላይ የተኛው ክላርኔት ይታያታል፤ ሰውነቷ ከበፊቱ ይበልጥ ይመሰክራል። ድምፁ ባልነበረባቸው ፊልሞችም ገባ። የጫጉላ ታሪክ ውስጥ ገባ፤ የሕፃናት ፊልም ውስጥ፣ የጠፋች ድመት ስትገኝ ገባ። ኖላዊት ይህን ስትሰማ ልታቆም ቃጣት። ግን ካቆመች እዚያው ጸንቶ ሊቀር ነው። ቀጠለች።

ከዚያ ድምፁን ማወቅ ጀመረች። ትንፋሹ ሲቆረጥ ምላስ ከላንቃ የምትላቀቅበት እርጥብ ድምፅ እንዳለ ለየች። የሚከተለው ድምፅ ከሚገባው በጥቂት ዝቅ ያለ እንደሆነ ለየች። በወጣትነቷ የሰው ድርሰት ስታጠና እንደምታደርገው በልቧ ወረቀት ላይ ጻፈችው፣ ፈታ ገጣጠመችው፣ ወደ ኋላ ሰማችው። ቤቷ ስትገባ እያንጎራጎረችው ሽንኩርት ትከትፋለች። ቀስ በቀስ የተዘጋው ክፍል ከፊቷ ሄደ፤ ሽማግሌው ሄዱ፤ አየርና ሸምበቆ ቀረ።

አንድ ጠዋት ትንፋሹ መጥቶ ካለፈ በኋላ፣ እሷ ስታስብ የነበረው ለሳሎኗ መጋረጃ ስለመግዛት እንደነበር ገባት። ደነገጠች። ልቧ መምታት ሲጀምር ወንበሩ ያን ድንጋጤ እንደ ምስክርነት ተቀበለው፤ ድምፁም ለተጨማሪ ሳምንት በፊልሞቹ ውስጥ ቆየ። ያኔ ፍርሃቱም መውጣት እንዳለበት ተረዳች። ልታጣው ስለሆነው ነገር ማዘኗ ራሱ ገና አለመጥፋቱ ነበር። ስለዚህ ማዘኗንም አብራ ስትሰማው፣ ስትሰማው፣ ዝናቡ አልፎ መስቀል እስኪደርስ ቆየች።

በስተመጨረሻ ሄራን ጠራቻት። ከዚህ በፊት እንደዚያ ፊቷ ሲጨነቅ አይታት አታውቅም። ለአንድ ወር ያህል ከሰውነቷ ምንም እንዳልተገኘ፣ ትንፋሹም ከፊልሞቹ ሁሉ እንደወጣ ነገረቻት። ክላርኔት የሚወድ ሌላ ደራሲ ቤቱ ፈልጎ አላገኘም። ይህን ያህል ባያስጨንቋት ኖሮ ይህ ባልመጣ ነበር ብላ ይቅርታ ጠየቀች፤ ከልቧም ነበር። ከዚያ አምባሩን በትንሽ መሣሪያ ከፈተችው። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጭ ነበር፣ እንደ ሌላ ሰው ቆዳ።

ኖላዊት በዚያው ሳምንት ቢሾፍቱ ወረደች። ትንፋሹ ወጥቷል፣ ከእንግዲህ የሚሰማው የለም አለች። እንዴት እንደወጣ ሲጠይቋት ቤቱ ተወው ብላ አሳጠረች። ሻምበል ጉርሜሳ አላመኑም። ሌንሴ ግን በየቀኑ ከሥራ በኋላ ሲኒማ እየገባች፣ ጓደኞቿንም እያስገባች፣ የሚያስለቅስ ቦታ ላይ የሰሙትን እየጠየቀች መጣች። ማንም ክላርኔት አልሰማም። ሽማግሌው ይህን ሲነገራቸው ቀና አሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

ኖላዊት ሥራ ስለሌላት በየሳምንቱ መሄድ ጀመረች። አንድ ቀን ወረቀት ይዛ መጣች። ለእሳቸው የጻፈችው አጭር ዜማ ነበር። የትኛው ጣታቸው እንደሚዘገይ፣ ትንፋሻቸው የት እንደሚያልቅ ከማንም ይልቅ ታውቅ ነበርና፣ ዜማው ከዚያ በፊት ያርፋል፤ ወደ ላይ መውጣት ሲኖርበት በደረጃ ይወጣል። ዐይናቸውን አጥብበው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ ከዚያም ሣጥኑን እንድታመጣላቸው ሌንሴን ጠሩ። ሁለት ወር ተለማመዱ። በሩን አልዘጉም።

የተጫወቱት ከጥምቀት በኋላ ባለ አንድ እሑድ ከሰዓት ነው። ሌንሴ አግዳሚ ወንበሮች ተውሳ ከፓፓያዎቹ ሥር አሰለፈች። ጎረቤቶች መጡ፣ አብረዋቸው መቀመጥ የተዉአቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች መጡ፣ የታከሙ ላሞችና ውሾች ባለቤቶች መጡ። አብዛኞቹ አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ ሲነፋ አይተው አያውቁም። አንዲት ልጅ እናቷን ጎትታ «አንቺም ይህንኑ ነው የምትሰሚው?» ብላ ስትጠይቅ ሰዎች ሳቁ፤ ከዚያ አንዳንዶቹ ሳቃቸውን አቁመው ጎረቤታቸውን ዞር ብለው አዩ።

ሻምበል ጉርሜሳ ያለ አንዳች ስንጥቅ ተጫወቱት። የታችኛው ድምፅ ከግቢው አልፎ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈው አዳመጡ። የልጅቷ እናት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። አንድ ወፍራም ሾፌር ሳያፍር አለቀሰ፤ አጠገቡ ያለውም እሱን አይቶ አለቀሰ፤ ሁለቱም በአንድ ቦታ ላይ።

ኖላዊት ሁሉንም ሰማች። ድምፁ ልኩን የጠበቀ ነው። የግራ ትንሿ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ዘገየች፤ እሷ ያሰበችበት ቦታ ላይ ትንፋሽ ወሰዱ፤ የመጨረሻው ድምፅ ከጻፈችው ረዘም አለ፣ መርዘሙም ትክክል ነው። የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። ዝናብ የሚዘንብበትን ሰፈር ደረቅ ቤት ውስጥ ሆኖ በመስኮት እንደማየት ነበር። ጠበቀች። እስከ መጨረሻው ጠበቀች።

ሲያልቅ ሻምበል ጉርሜሳ በሰዎቹ መካከል እሷን ፈልገው አገኟት፤ በዐይናቸው «እንዴት ነው?» አሏት። ራሷን ነቀነቀችላቸው። ፊታቸው በራ።

ሌንሴ ፊቷን በመዳፏ እየጠረገች የኖላዊትን እጅ ያዘች። ያን ያህል ሰው ሲያለቅስ ጓደኛዋ ደረቅ ፊት ይዛ መቀመጧ ገረማት።

«አንቺማ ሥራሽ ነው» አለቻት እየሳቀች፣ እያለቀሰች። «ለምደሽዋል።»

«አዎ» አለች ኖላዊት፣ «ለምጄዋለሁ»፤ እጇንም አላቅቃ ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች።